ቶርኖው ለምን ሾጣጣ ያወጣል? ቴልስቶክ ስለማስተካከልና ሾጣጣ ስለመቅረጽ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ላለ አንድ ወፍጮ ቤት አዲስ ዘንግ በቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን፣ እየተቀረጸ ነው እንበል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ 40 ሚሜ መሆን አለበት። ሠራተኛው በማይክሮሜትር ሲለካ አንዱ ጫፍ 40.00 ነው። ሌላው ጫፍ 40.08 ነው። በዓይን ካያችሁት ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። ኩሽኔታው ግን አይሸወድም። በአንዱ በኩል ሸርተት ብሎ ይገባል፣ በሌላው በኩል ድርቅ ይላል። ከዚያ መዶሻ ይመጣል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እንዲህ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየወፈረ ወይም እየቀጠነ የሚሄድ ቅርጽ ሾጣጣ ነው፤ ቶርኖ ቤት ውስጥ ቴፐር ይሉታል። ሁለት ዓይነት ሾጣጣ አለ። አንዱ ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። ሌላው ደንበኛ ከፍሎ የሚያሠራው ነው። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። ሥራው (የሚቀረጸው ብረት) የሚዞርበት መስመርና ቱሉ (የሚላጥበት ስለት) የሚሄድበት መስመር ትይዩ አልሆኑም። ማሽን ማስተካከል ማለት እነዚህን ሁለት መስመሮች ትይዩ ማድረግ ነው። ሾጣጣ መቅረጽ ማለት ደግሞ አስቦና ለክቶ እነሱን ማዛነፍ ነው። ይህ ከገባ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው። እሺ፣ ገብስ እንኳ ባይሆን የማይቻል አይደለም።

የማሽኑን ክፍሎች ቶሎ እንለፋቸው። በግራ በኩል ሄድስቶኩ አለ፤ ሞተሩ የሚያዞረው ስፒንድልና ሥራውን የሚይዘው ቸክ እሱ ላይ ናቸው። በመሀል ካሬጁ ቱሉን ይዞ በአልጋው፣ ማለትም የማሽኑ መሠረት በሆነው ረጅም ብረት፣ ላይ ይመላለሳል። በቀኝ በኩል ቴልስቶኩ አለ። ሴንተር የሚባለው ሹል ድጋፍ ሲገባበት የረጅም ዘንግን ጫፍ ይደግፋል፤ ፑንታ (መብሻ) ሲገባበት ይበሳል። ቴልስቶኩ ከላይና ከታች ሁለት ክፍል ነው። የታችኛው አልጋው ላይ ይቀመጣል። የላይኛው ደግሞ በታችኛው ላይ ወደ እኛም ወደ ኋላም በጥቂቱ ሊንሸራተት ይችላል። የሚያንሸራትቱት ቪቴዎች ብዙውን ጊዜ ከጎን ናቸው። በአንዳንድ ትንንሽ የቻይና ማሽኖች ግን ሁለቱን ክፍሎች የሚያስረው ቪቴ ከሥር ነው፤ እሱን ለማላላት ቴልስቶኩን ከአልጋው ማውጣት ግድ ይላል። ንድፉን ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ ቢሠራበት ኖሮ እንዲህ አያደርገውም ነበር።

ቴልስቶኩን ከመንካት በፊት

ዘንጉ ሾጣጣ ሲወጣ በቶርኖ ቤት መጀመሪያ የሚሰማው «አቦ፣ ቴልስቶኩ ነው! ግፋው!» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጥፋቱ አልጋው ላይ ወይም ሄድስቶኩ ላይ ከሆነ ቴልስቶክ መግፋት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ለዚያች አንድ ዘንግ ይስተካከል ይሆናል። ርዝመቱ የተለየ ሌላ ዘንግ ሲመጣ ግን ሾጣጣው ይመለሳል።

መለያው ቀላል ነው። ቴልስቶኩን ወደ ኋላ ሳቡትና ከሥራው አውጡት። ወፈር ያለ ብረት፣ 35 ወይም 40 ሚሜ የሆነ፣ በቸክ ብቻ ያዙ፤ ከቸኩ 100 ሚሜ ያህል ይውጣ። በጣም በሰላ ቱልና በጣም በቀጭን አወሳሰድ ላጡት። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ለኩ። እዚህ ላይ ልዩነት ካለ ቴልስቶኩ የለበትም፤ እንዲያውም ሥራው ውስጥ አልነበረም።

ብረቱ ወፍራም ይሁን የተባለው በምክንያት ነው። ቀጭን ብረት ያለ ድጋፍ ሲላጥ ከቱሉ ይሸሻል፤ ነፃው ጫፍ ወፍሮ ይቀራል። ይህም ሾጣጣ ነው፣ ጥፋቱ ግን የማሽኑ አይደለም። ከዲያሜትሩ ሦስትና አራት እጥፍ በላይ ከቸክ የሚወጣ ሥራ ድጋፍ ይፈልጋል።

ትንንሽ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር የአልጋ መጠማዘዝ ነው። ማሽኑ ከአንግል ብረት በተበየደ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ሲበየድ ተጣሞ ይሆናል፣ ወይም ወለሉ ወጣ ገባ ነው። ከዚያ አራቱ ቡሎኖች ጥብቅ ይደረጋሉ። አልጋው ብረት ነው ብላችሁ አትመኑት፤ ቡሎን ያጣምመዋል። መፍትሔው ቡሎኖቹን ማላላት፣ ከአንዱ እግር ሥር ስስ ቆርቆሮ ማስገባት፣ ማጥበቅና ያንኑ ፈተና መድገም ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። የቆርቆሮ ቁራጭ ግን ርካሽ ነው። ፈተናው ንፁህ ሲሆን ብቻ ወደ ቴልስቶኩ ይታለፋል።

ቴልስቶኩ መሀል ላይ ነው ወይ?

በችኮላ ለማየት ያህል ሁለት ሴንተሮችን ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት ይቻላል። በመሀላቸው ስስ የብረት ማስመሪያ ወይም ምላጭ በጥቂቱ ብትይዙ የበለጠ ያሳያል፤ ጫፎቹ ካልተገጣጠሙ ምላጩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህ ለዓይን ነው። ኩሽኔታ በዚህ አይገጠምም።

እኔ የማምነው የሁለት ኮሌታ ፈተናን ነው። 25 ሚሜ ገደማ የሆነ፣ 300 ሚሜ የሚረዝም ዘንግ ይወሰዳል። በሁለቱም ጫፍ የሴንተር ቀዳዳ ይበሳል። መሀሉ ዝቅ ተደርጎ ይላጥና ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ሁለት ወፈር ያሉ ኮሌታዎች ይቀራሉ። ዘንጉ በሁለት ሴንተር መካከል ይያዛል። ከቸኩ በኩል ያለው ሴንተር እዚያው ቸኩ ላይ የተቀረጸ ቢሆን ይመረጣል። ቁራጭ ብረት ቸኩ ውስጥ ይታሰራል፣ ኮምፓውንዱ (ካሬጁ ላይ ያለው፣ ቱሉን ይዞ በዲግሪ የሚዞረው ትንሽ ተንሸራታች) 30 ዲግሪ ይዞራል፣ ብረቱ የ60 ዲግሪ ሹል ይሆናል። ከቸኩ እስካልወጣ ድረስ ይህ ሹል ከስፒንድሉ መሀል ንቅንቅ አይልም። አንዴ ከወጣ ግን ሲመለስ እንደገና ጫፉን መላጥ ነው። ዘንጉን ለማዞር በራሱ ላይ በቪቴ የሚጠብቅ መያዣ ይታሰራል፤ የቸኩ ጥርስ እሱን እየገፋ ያዞረዋል።

አሁን ሁለቱን ኮሌታዎች በአንድ አወሳሰድ ላጡ። ቱሉን ወደ ሥራው የሚያስጠጋው የክሮስ ስላይዱ እጀታ በመሀል አይነካም። 0.1 ሚሜ ብቻ መውሰድ በቂ ነው። ማሽኑን አቁሙና ለኩ። በሄድስቶክ በኩል 25.00፣ በቴልስቶክ በኩል 25.08 ወጣ እንበል። የቴልስቶኩ ጫፍ ወፍሯል ማለት ከቱሉ ርቋል ማለት ነው። ቱሉ ያለው እኛ በቆምንበት በኩል ነው፤ ስለዚህ ቴልስቶኩ ወደ እኛ መምጣት አለበት። በስንት? በ0.08 አይደለም፣ በግማሹ ነው፤ 0.04። ዲያሜትር የሁለት ጎን ድምር ስለሆነ መስመሩ 0.04 ሲርቅ ልኩ በ0.08 ይወፍራል። ይህን ግማሽ የረሳ ሰው ሾጣጣውን ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን እያዟዟረ ሲለፋ ይውላል።

0.04 በዓይን አይገፋም። ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ኢንዲኬተር ካሬጁ ላይ አስቀምጡና ጫፉን ቴልስቶኩ ላይ አሳርፉ። መርፌውን ዜሮ አድርጉ። የማሰሪያውን ቡሎን አላሉ፣ በአንድ በኩል ያለውን ቪቴ በጥቂቱ መልሱ፣ የተቃራኒውን እየጠመዘዛችሁ መርፌውን ተመልከቱ። አንዱ መስመር 0.01 ሚሜ ከሆነ አራት መስመር ሲሄድ አቁሙ። ከዚያ ቡሎኑን አጥብቁ። አሁን መርፌውን እንደገና እዩት። ሲጠብቅ ተንቀሳቅሶ ይሆናል፤ ማጥበቅ ራሱ ቴልስቶኩን ይስበዋል። የሚታመነው ልክ ከጠበቀ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ኮሌታዎቹን አንዴ ላጡና እንደገና ለኩ።

በየጊዜው ብረት መላጥ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ቀጥ ያለ የተፈተገ ዘንግ ፈልጎ በኢንዲኬተር መፈተሽ ይችላል። ከተጣለ የመኪና አሞርተዘር የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ዘንግ ለዚህ ይመቻል፤ ያልተጎበጠውን ክፍል መምረጥ ነው እንጂ። የሴንተር ቀዳዳዎቹ ግን ልክ መሀል ላይ መሆናቸው አይታወቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ንባብ ወስዳችሁ ዘንጉን ግማሽ ዙር አዙሩና ሌላ ንባብ ውሰዱ። የሁለቱ አማካይ እውነተኛው ልክ ነው። ጠንካራ ክሮም ስለተለበጠ ቀዳዳ መብሳቱ ያስቸግራል፤ የጫፉን ክሮም በግራይንደር አንስቶ መጀመር ነው።

ከፍታውስ? ቴልስቶኩ ዝቅ ብሎ ወይም ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። ሒሳቡን ተመልከቱት። 20 ሚሜ በሆነ ዘንግ ላይ ቴልስቶኩ በጎን 0.1 ሚሜ ቢዛነፍ ዲያሜትሩ በ0.2 ሚሜ ይሳሳታል። በከፍታ ያንኑ 0.1 ቢዛነፍ ግን ስህተቱ 0.001 ሚሜ ብቻ ነው። ምክንያቱም ቱሉ ሥራውን የሚነካው በጎን ነው፤ ሥራው ሽቅብ ወይም ቁልቁል ቢል በዚያ ጎን ላይ ያለው ርቀት እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ለመላጥ ዋናው የጎን ልክ ነው። ለመብሳት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ፑንታ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል መሀል ከሳተ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ሲብስበትም ይሰበራል። ዝቅ ያለ ቴልስቶክ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ስስ ቆርቆሮ ገብቶለት ከፍ ይላል። አዲስ ማሽን ላይ ቴልስቶኩ በጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ ከፍ ብሎ ከመጣ አትደንግጡ። አልጋው ላይ ሲመላለስ ከሥሩ እየተበላ ስለሚወርድ ነው እንዲያ የሚደረገው።

ድሬ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል፤ አቧራና ሙቀት። አቧራው የቴልስቶኩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በዓይን የማትታይ ፍርፋሪ ሴንተሩን ከመሀል ታወጣዋለች፤ ከመለካት በፊት ቀዳዳውንም ሴንተሩንም በንፁህ ጨርቅ መጥረግ ነው። ሙቀቱ ግን የባሰ ነው። 300 ሚሜ የሚረዝም ብረት ሲላጥ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 0.1 ሚሜ ያህል ይረዝማል። በሁለት ሴንተር መካከል ታፍኖ ስለተያዘ የሚሄድበት የለውም። ወይ ይጎብጣል፣ ወይ የማይዞረውን ሴንተር ያቃጥላል። በየመሀሉ የቴልስቶኩን እጀታ ላላ አድርጎ እንደገና ማስነካት ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ውፍረቱም ይለወጣል። 40 ሚሜ የነበረው በዚያው ሙቀት በ0.014 ሚሜ ገደማ ይጨምራል። ለኩሽኔታ መቀመጫ ይህ ቀልድ አይደለም። የመጨረሻው ልክ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወሰድ። ማይክሮሜትሩንም ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ በግንቦት ፀሐይ እሱም ብረት ነው።

የተፈለገው ሾጣጣ

መጀመሪያ ደንበኛው ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቶርኖ ሥራ 1:20 ማለት በየ20 ሚሜ ርዝመት ዲያሜትሩ በ1 ሚሜ ይለወጣል ማለት ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይቆጥርም። ድሬ የባቡር ከተማ ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። የባቡር ጎማ ደግሞ ሐዲዱን የሚነካው ፊቱ ሾጣጣ ነው። በብዙ መሥመሮች 1:20 ወይም 1:40 ይባላል። ኩርባ ላይ የውጩ ጎማ በወፍራሙ በኩል፣ የውስጡ በቀጭኑ በኩል እንዲንከባለል ነው። በጎማው ላይ ግን 1:20 የሚቆጠረው በአንድ ጎን፣ ማለትም በራዲየስ ነው። ያንኑ ቁጥር ሰምቶ በዲያሜትር የሠራ ሰው ግማሹን ሾጣጣ ብቻ አወጣ። ከዚህ ይልቅ የሁለቱን ጫፎች ዲያሜትርና ርዝመቱን መጠየቅ ይሻላል፤ በዚህ ማንም አይሳሳትም።

ለአጭር ሾጣጣ መንገዱ ኮምፓውንዱን ማዞር ነው። የወፍራሙና የቀጭኑ ጫፍ ልዩነት ለርዝመቱ ይካፈላል፣ በ28.65 ይባዛል። የሚወጣው ቁጥር ኮምፓውንዱ የሚዞርበት ዲግሪ ነው። ከ30 ሚሜ ወደ 25 ሚሜ በ50 ሚሜ ርዝመት የሚቀጥን ከሆነ 5 ለ50 ሲካፈል 0.1 ነው፤ በ28.65 ሲባዛ 2.87 ዲግሪ ገደማ። ይህ ዘዴ ለትንንሽ አንግሎች ይሠራል። የተለመደው ስህተት ሙሉውን አንግል መያዝ ነው። ሥዕሉ ላይ በሁለቱ ጎኖች መካከል 6 ዲግሪ ከተጻፈ ኮምፓውንዱ የሚዞረው 3 ብቻ ነው።

ችግሩ የኮምፓውንዱ መስመሮች በዲግሪ የተሠመሩ መሆናቸው ነው። በዓይን 0.1 ዲግሪ መሳት ከባድ አይደለም። ያ በ60 ሚሜ ርዝመት ዲያሜትሩን በ0.2 ሚሜ ያህል ያሳስተዋል። ለበር ማጠፊያ ይበቃል። ለሞርስ ቴፐር አይበቃም። ሞርስ ቴፐር ማለት የቴልስቶክ ሴንተሮችና የትልልቅ ፑንታዎች እግር የተሠራበት፣ በራሱ ተጣብቆ የሚይዘው ሾጣጣ ነው። በትንንሽ ማሽን ቴልስቶክ በብዛት የሚገኘው ቁጥር 2 ነው፤ 1:20 ገደማ ሲሆን ኮምፓውንዱ የሚዞረው 1.43 ዲግሪ ነው። ይህን ማን በዓይን ይይዛል?

ስለዚህ ዲግሪውን ትቶ ኢንዲኬተር መጠቀም ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ በሴንተሮቹ መካከል ይያዛል። ኢንዲኬተሩ ቱል መያዣው ላይ ይታሰራል፤ ጫፉ በሴንተሩ ከፍታ ዘንጉን ይነካል። ኮምፓውንዱ በእጀታው 20 ሚሜ ሲሄድ መርፌው 0.5 ሚሜ ካሳየ ለሞርስ 2 ደረሳችሁ ማለት ነው። ከዚህም የተሻለ አለ። ሁለቱም ጫፉ ላይ የሴንተር ቀዳዳ ያለው የፋብሪካ አርበር (እግሩ በሞርስ ቴፐር የተሠራ መያዣ ዘንግ) ካላችሁ በሴንተሮቹ መካከል ያዙት፣ ኢንዲኬተሩን በሾጣጣው ላይ በኮምፓውንዱ ሳቡት። መርፌው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነቃነቅ ሲቀር አንግሉ ተገኘ። ሒሳብ የለም፣ ዲግሪ የለም። ቴልስቶኩ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ግን የምትቀዱት የእሱን ስህተት ጨምራችሁ ነው።

ቱሉ በትክክል በሴንተሩ ከፍታ ላይ ይሁን። ቀጥ ያለ ዘንግ ሲላጥ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ያልፋል። ሾጣጣ ሲሆን ግን ጎኑ ቀጥ ማለቱ ቀርቶ ጎበጥ ይላል፤ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባም ይነቃነቃል።

ለመፈተሽ በሾጣጣው ርዝመት ሦስት መስመር በማርከር አስምሩ። ቀዳዳው ውስጥ አስገቡት፣ ሩብ ዙር ያህል አዙሩት፣ አውጡት። ቀለሙ እስከ ጫፍ እኩል ከጠፋ ተገጥሟል። በወፍራሙ ጫፍ ብቻ ከጠፋ አንግሉ በዝቷል። በቀጭኑ ጫፍ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ኮምፓውንዱን በእጅ መዳፍ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል ነው። መጨረሻ ላይ አትቸኩሉ። በ1:20 ሾጣጣ ላይ ከዲያሜትሩ 0.05 ሚሜ ብቻ ብትወስዱ ሥራው 1 ሚሜ ጠልቆ ይገባል።

ረጅም ሾጣጣ ሲሆን ኮምፓውንዱ አይደርስም፤ በትንንሽ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ከ60 ሚሜ በላይ አይሄድም። ያኔ ነው ቴልስቶኩ ሆን ተብሎ የሚዛነፈው። የሚዛነፍበት ልክ ሾጣጣው ላለበት ክፍል ብቻ ሳይሆን ለዘንጉ ጠቅላላ ርዝመት ይሰላል። 300 ሚሜ ዘንግ ላይ 1:50 ሾጣጣ ከተፈለገ 300 ለ100 ይካፈላል፤ 3 ሚሜ። የ50 እጥፍ 100 የሆነው ያው ግማሹን ለማግኘት ነው። ወደ እኛ ከመጣ የቴልስቶኩ ጫፍ ይቀጥናል። ቀጣዩ ዘንግ 200 ሚሜ ከሆነ በዚያው 3 ሚሜ የሚወጣው 1:33 ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙ ዘንግ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ርዝመታቸውን እኩል ይቁረጥ።

በዚህ ዘዴ ቀዳዳ ውስጥ ሾጣጣ አይሠራም። ለ1:20 ያህልም አልመክረውም። በ300 ሚሜ ዘንግ ላይ 7.5 ሚሜ ማዛነፍ ይጠይቃል፣ ያንን ብዙ ትንንሽ ማሽን አይችለውም። ሴንተሮቹም ቀዳዳቸው ውስጥ ተንጋደው ስለሚቀመጡ አንዱን ጎን ይበሉታል። ሹሉን ትቶ ጫፉ ክብ የሆነ ሴንተር መጠቀም ይህን ያቀልላል፤ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች ኳስም ትሠራለች።

ሥራው ሲያልቅ ቴልስቶኩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኢንዲኬተሩ ዜሮ ቢልም አትመኑት፤ ያው የሁለት ኮሌታ ዘንግ ይምጣና ይፈተሽ። ዘንጉን ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቦሪንግ ሄድ (ቱሉን በቪቴ ወደ ጎን የሚያንሸራትት የቀዳዳ ማስፊያ) ያለው ሰው ግን ይህ ሁሉ ድካም አይነካውም። ቦሪንግ ሄዱን ቴልስቶኩ ውስጥ ይሰካል፣ በቱሉ ፋንታ ሴንተር ያስርበታል፣ በራሱ ቪቴ የሚፈልገውን ያህል በአግድም ያዛንፋል። ቴልስቶኩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።